በሯጭ አገር ኤሊ? አዎ፣ ኤሊ!

«በኃይሌ አገር፣ በደራርቱ አገር፣ ልጆቹን ኮድ የምታስተምሩት በኤሊ ነው?» አለ። ይሄን ያለው አርሲ፣ ዲክሲስ ገበያ መሃል ቆሞ፣ ስንዴው ሁሉ እየሰማው ነው። ጎበዝ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ! ሰውዬው ኤሊ ሲባል የታየው እግሯ ብቻ ነው። እኛ የምናወራው ስለ ብዕሯ ነው።

ስማኝ ወዳጄ። ተርትል ግራፊክስ ማለት ስክሪን ላይ የምትሄድ፣ ሆዷ ሥር ብዕር የያዘች ኤሊ ናት። «100 ወደፊት» ስትላት ትሄዳለች። «90 ወደ ቀኝ» ስትላት ትዞራለች። የሄደችበት መስመር ሆኖ ይቀራል። ትእዛዙን የምትጽፍላት በፓይተን ነው፤ ባንክና ላቦራቶሪ በሚሠሩበት በዚያው በፓይተን። ተርትል ስልህ ተርትር መሰለህ እንዴ? ግድ የለም፣ አልተሳሳትክም። የተቋጠረ ሐሳብ የምትተረትርልህም እሷው ናት።

«ቀርፋፋ ናት» ትላለህ። የፓይተኗ ኤሊ የፍጥነት ትእዛዝ አላት። 1 ዘገምተኛ፣ 10 ፈጣን። ከሁሉም የሚፈጥነውስ? 0! ዜሮ ስትላት ዝግ ብላ መራመዷን ትታ መስመሩን ላጥ አድርጋ ትዘረጋዋለች። አንተ ዜሮ ስታገኝ ክፍል ትደግማለህ፤ እሷ ዜሮ ስታገኝ ትበርራለች። አሁን ደግሞ የጥንቸሏን ታሪክ ትጠብቅ ይሆናል። አላመጣትም። ጥንቸሏ ለተረት ናት፤ እኔ የያዝኩት ተረብ ነው።

ሯጭ አልክ አይደል? በሯጭ እንሂድ። የአሰላው ልጅ ኃይሌ ገብረሥላሴ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ነው ያደገው። እሱ ወደ ትምህርት ሮጠ፤ አንተ ከትምህርት ትሮጣለህ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። ያ ውድድር ስንት ዙር ነበር? 25። ዙር በፓይተን ምን ይባላል? ሉፕ! «ይሄን 25 ጊዜ ድገም» ማለት ነው። የአርሲ ልጅ ሉፕን ሳይማር ያውቀዋል። ሬዲዮ ላይ ጆሮውን ደቅኖ «ዙሩ ከረረ!» ሲባል ልቡ የዘለለ ልጅ፣ መድገም ምን እንደሆነ ልትነግረው ነው?

መሮጫውንም ትሥላለች። የ400 ሜትር መም ሁለት ቀጥታና ሁለት ግማሽ ክብ ነው። ቀጥታው 84.39 ሜትር። ግማሽ ክቡ ሯጩ በሚለካበት መስመር ሬዲየሱ 36.8 ሜትር። ለኤሊዋ «84.39 ወደፊት፣ ከዚያ በ36.8 ሬዲየስ 180 ዲግሪ ዙሪ» ትላታለህ። ሁለት ጊዜ አስደግማት። አለቀ፣ ስታዲየም ሠራህ። ደምረው፤ 400 ይመጣል። ደግሞ ልብ በል፦ ሯጮች የሚዞሩት ወደ ግራ ነው፤ ኤሊዋም «ክብ» ስትባል ካልከለከልካት በስተቀር የምትዞረው ወደ ግራ ነው። የአትሌቲክስ ሕግ የምታውቅ ኤሊ ላይ ነው ሙድ የምትይዘው?

ቆይ፣ ዙሩ ገና ሊከር ነው። 5,000 ሜትርስ ስንት ዙር ነው? 12 ተኩል። እስቲ ሬንጅ ውስጥ 12.5 አስገባ። መንገድ ላይ የሚፈሰውን ሬንጅ አይደለም የምልህ፤ ፓይተን ድግግሞሽ የሚቆጥርበትን ሬንጅ ነው። ፓይተን ፊት ይነሳሃል፤ ሙሉ ቁጥር አምጣ ይልሃል። ምን ይሻላል? ዳኞቹ መልሱን ድሮ አግኝተውታል፦ ሯጮቹን ከማዶ፣ ከመጨረሻው መስመር 200 ሜትር ቀደም አድርገው ያስነሷቸዋል። አንድ 200፣ ከዚያ 12 ሙሉ ዙር። ልጁ ይሄን በኤሊዋ ሲሠራው ችግርን መክፈል ተማረ። አንተ ግን ግማሽ ዙር ላይ አቁመህ «ጨረስኩ» ብለህ እጅህን አነሳህ።

«ሥዕል እንጀራ አይሆንም» አልክ። እናንተ ፍረዱኝ! እንጀራ ራሱ ሥዕል አይደለም እንዴ? እናትህ ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምራ፣ እያዞረች፣ ክቡን እያጠበበች መሃል ላይ ትጨርሳለች። ይሄ ጠመዝማዛ ነው። ኤሊዋ ስትሠራው ደግሞ ሬዲየሱ በየዙሩ ይቀንሳል። የሚቀያየረው ቁጥር ቫሪያብል ይባላል። እናትህ በየጠዋቱ ቫሪያብል እየቀነሰች አሳድጋሃለች፤ አንተ በልተህ ስትጠግብ ፕሮግራሙን ካድከው።

ስለ መካድ ካነሳን፣ «ኤሊ ትናንት የመጣች የሕፃን ጨዋታ ናት» ያልከውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ዋሊ ፎይርዛይግ፣ ሲሞር ፓፐርትና ሲንቲያ ሰለሞን ሎጎ የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ሠሩ። ሎጎ ስልህ የድርጅት ዓርማ ፍለጋ ግድግዳ አትይ፤ ቋንቋ ነው። ፓፐርት ተወልዶ ያደገው እዚሁ አፍሪካ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው። ብዙም ሳይቆዩ ለቋንቋው ወለል ላይ እየተንከባለለች የምትሥል ሮቦት ኤሊ አበጁለት። በዚያው በ1967 አሰላ ላይ ምን ተጀመረ? በስዊድን ድጋፍ የጭላሎው ካዱ! ካዱ ስልህ የካዱ ሰዎች እንዳይመስሉህ፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ይዞ ገበሬው ደጃፍ የደረሰው የግብርና ልማት ድርጅት ነው።

ታዲያ ካዱ ገበሬውን በምን አሳመነው? በወረቀት? በስብሰባ? በሰርቶ ማሳያ ነው! ማሳ ላይ ዘርቶ አሳየው። ገበሬ ዓይኑ ያየውን ያምናል። ኤሊዋም የፕሮግራሚንግ ሰርቶ ማሳያ ናት። አዲስ ተማሪ በሐሳቡ የዘራውን በዓይኑ ያጭዳል። ያለ እሷ ግን ልጁ የሚጽፈው ጥቁር መስኮት ውስጥ ነው፤ የሚወጣለትም ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ለምን እንደመጣ ደግሞ አስተማሪውና እግዜር ናቸው የሚያውቁት። እኔም የመጀመሪያ ኮዴን የጻፍኩት ወረቀት ላይ ነው፤ አስተማሪያችን ቦርዱ ላይ ጻፈ፣ እኛ ገለበጥን፣ ፈተና ላይ መልሰን ገለበጥን። መገልበጥማ መኪናም ይገለበጣል፤ ማንም ግን ነዳ አይለውም።

«እውነተኛ ቋንቋ አይደለም» አልክ ደግሞ፤ ድምፅህን ከፍ አድርገህ፣ ሰው እንዲሰማህ። ሰሙህ! አሁን ደግሞ መልሱን ይስሙ። ፓይተን እ.ኤ.አ. በ1991 ሲወጣ ጊዶ ቫን ሮሰም ስሙን የወሰደው ከእንግሊዝ ኮሜዲያን ቡድን ከሞንቲ ፓይተን ነው፤ ዘንዶ አስቦ አይደለም። ስለዚህ «ዘንዶው ኤሊዋን ውጧታል» የሚለው ቀልድህ ገና ከእንቁላሉ ሳይፈለፈል ሞቷል። ኤሊዋ የምትኖረው ፓይተን ራሱ ውስጥ ነው። የአሁኗን ቅርጿን ያበጃት የቪየናው ግሬጎር ሊንግል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከፓይተን 2.6 ጋር አብራ ትመጣለች። «ኢምፖርት ተርትል» ትላለህ፣ ትመጣለች። የውጭ ምንዛሪ አልጠየቀችህ! ጉምሩክ አልቆመች! ቤቷን በጀርባዋ ተሸክማ የምትገባ ብቸኛዋ ኢምፖርት ናት።

ከዚያ ተማሪው ለሠራው ሥራ ስም ማውጣት ሲፈልግ ፓይተን ላይ የሚጽፋት ቃል «ደፍ» ናት። ሰማችሁ? ደፍ! ያለ ደፍ የሚገባበት ቤት የት አለ? «ደፍ ካሬ» ብሎ አራት መስመር ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ «ካሬ» ብሎ መጥራት ብቻ ነው። ይሄ ፋንክሽን ይባላል። አንተ ፋንክሽን ስትባል ሙሽራ ፍለጋ ተነሳህ፤ ልጁ ግን አንዴ ደግሶ ሺህ ጊዜ ይጋብዛል። መንግሥት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና አስጀምሯል፤ የድረ ገጽ ፕሮግራሚንግ አለው፣ አንድሮይድ አለው፣ ዳታ ሳይንስ አለው። ሸጋ! አምስት ሚሊዮን ሰው ሊገባበት ያሰበ ቤት ግን ደፉ ዝቅ ያለ ይሁን። አንተ ደፉን ግንብ አድርገህ ሠርተህ፣ «ለምን አይገቡም?» ብለህ በመስኮት ትጮሃለህ።

እስቲ ወደ እርሻው ውረድ። ዲክሲስ ላይ ቆመህ እርሻ አላየሁም አትለኝም መቼም። ገበሬው በሬዎቹን ወደፊት ይነዳል። ዳር ሲደርስ ያዞራል። አንድ ትልም ጠጋ ይላል። እንደገና ያዞራል። ይመለሳል። ይሄ ሉፕ ነው። የአገራችን ማረሻ የሚቀደው በቪ ቅርፅ ስለሆነ በትልምና ትልም መሃል ያልታረሰ መሬት ይተዋል፤ ስለዚህ በሁለተኛው እርሻ አግድም ያርሰዋል። ለኤሊዋስ? «ደፍ ማረስ» ብለህ አንዴ ትጽፍና፦ ማረስ፣ 90 ወደ ቀኝ፣ ማረስ። ሦስት ትእዛዝ፣ ሁለት ዙር እርሻ። ትልም ማለት ደግሞ ምን ማለት ነው? የማረሻው መስመርም ነው፣ ዕቅድም ነው። ቋንቋችን ራሱ ፕሮግራመር ነው፤ አንተ ብቻ ነህ ያለ ትልም የምትዘራው።

«ሒሳቡስ?» አልክ። ተይዘሃል! ባለ እኩል ጎን ሦስት ማዕዘን ሥራ እስቲ። «60 ላዙራታ» አልክ አይደል? ሁሉም ጀማሪ 60 ነው የሚለው፤ መጽሐፉ ላይ ያለው 60 ነዋ። ኤሊዋ ግን ሦስት ጎን ትሄድና አፉን የከፈተ ነገር ትተውልሃለች፤ የባለ ስድስት ጎን ግማሽ። አንተም አፍህን ከፈትክ፣ ሁለት ሆናችሁ። ለምን? ኤሊዋ የምትዞረው የውስጡን ማዕዘን ሳይሆን የውጩን ነው፤ 120። ሦስት ጊዜ 120፣ 360። አራት ጊዜ 90፣ 360። ዞራ ወደ መነሻዋ የምትመለስ ኤሊ ሒሳቧ ሁልጊዜ ሙሉ ዙር ነው። የባንዲራችንን ባለ አምስት ጫፍ ኮከብስ? አምስት ጊዜ 144፣ 720 ነው፤ ሁለት ሙሉ ዙር። ይሄን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ብትነግረው ተማሪው ግራ ይገባዋል። ኤሊዋ ጋ ግን ግራ ራሱ ትእዛዝ ነው፤ «ግራ 144» ብሎ ኮከቡን ይዞ ይወጣል።

«መብራት የለም፣ ኮምፒውተር የለም» ማለት ጀመርክ። ሙግት ሲያልቅ መብራት ይጠፋል፤ እናውቃለን። መብራት ሲሄድ ኤሊዋ አትሄድም! ልጆቹን ሜዳ አውጣቸው። አንዱ ኤሊ ይሁን፣ አንዱ ያዝዝ። «አምስት እርምጃ። ቀኝ። አምስት እርምጃ። ቀኝ።» ኤሊ የሆነው ልጅ የታዘዘውን ብቻ ያድርግ፤ ያልታዘዘውን እንዳይገምት። ፓፐርት ከጅምሩ ያለው ይሄን ነው፦ ሲከብድህ ራስህ ኤሊ ሁንና ሂድበት። ሰውነት ያወቀውን ጭንቅላት ቶሎ ይይዘዋል። የአርሲ እረኛ ሲዞርና ሲታጠፍ ስለሚውል በዚህ በኩል ሁለት ክፍል ይበልጥሃል።

ኮምፒውተሩም ቢሆን መጥቶ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ የ«አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ኮምፒውተሮች በሺዎች ሆነው ኢትዮጵያ ገብተዋል፤ በፊደላችን የሚጽፉ። ውስጣቸው ማን ነበረች? ኤሊዋ! እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ያው ድርጅት ማንበብ ላልጀመሩ የወንጪና የወለንጪቲ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጠ። የድርጅቱ መሥራች ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው ልጆቹ ማብሪያውን ያገኙት በደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ በወራት ውስጥ ደግሞ እንዳይነካ የተቆለፈውን ቅንብር ከፍተው ቀየሩት። አንተ አምስት ዓመት የያዝከውን ስልክ ሰዓቱን ማስተካከል ሲያቅትህ የእህትህን ልጅ ትጠራለህ። እና አንተ ነህ «ልጆቹ አይችሉም» የምትለው?

«እንግሊዝኛ አይችሉም» ልትል ነበር፤ ከአፍህ ወሰድኩት። ፓይተን እ.ኤ.አ. ከ2008 ማብቂያ፣ ከ3.0 ጀምሮ፣ ስም በፊደላችን ብታወጣ ይቀበላል። «ቀኝ» ብለህ ትሰይማለህ፣ «ራይት» ጋር በእኩል ምልክት ታስራቸዋለህ፣ ከዚያ ወዲያ «ቀኝ(90)» ስትላት ኤሊዋ ቀኝ ትዞራለች። የዲክሲስ ልጅ በኦሮምኛ «ሚርጋ»ና «ቢታ» ብሎ ቢያዛትም ትታዘዛለች። የማይለወጡት የቋንቋው ቁልፍ ቃላት 35 ናቸው። ሠላሳ አምስት! አንተ የአውሮፓ ተጫዋቾችን ስም በቃልህ ስታወርድ ከዚህ በላይ ነው፤ ለዚያውም ተቀያሪዎቹን ሳንቆጥር።

የመጨረሻ ጥይትህ ይሄ ነው፦ «ኮዱን አሁን አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ይጽፈዋል፤ ምን አደከማችሁ?» ጥሩ፣ ይጻፍልህ። «ኮከብ ሥራልኝ» ብለኸው ግማሽ ጎጆ ቢሰጥህ ማን ያርመዋል? 144ን የማያውቅ ሰው 134 ተሰጥቶት «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይሄዳል። ኮምባይነር ስንዴውን ያጭዳል፤ የደረሰውን ካልደረሰው የሚለየው ግን ባለማሳው ነው። ማሽኑ እየበረታ በሄደ ቁጥር፣ ምን እንዳዘዝክና ምን እንደወጣ አስተያይተህ የምትፈርድበት ዓይን ይበልጥ ያስፈልግሃል። ያን ዓይን የምትከፍተው ደግሞ ይቺው የናቅካት ናት።

አንድ ነገር እሰጥሃለሁ፣ ባዶ እጅህን አትሂድ። ኤሊዋ መግቢያ ናት እንጂ መጦሪያ አይደለችም። ካሬ፣ ኮከብ፣ መም፣ ማሳ ከሠራ በኋላ ተማሪው ወደ ፋይል፣ ወደ ዳታ፣ ወደ ድረ ገጽ መሻገር አለበት። ዓመት ሙሉ አበባ የሚያሥል አስተማሪ ካለ እሱንም እንዲሁ ገበያ መሃል አቆመዋለሁ። ሲሻገር ግን ሉፑን ይዞ ነው፤ ደፉን ይዞ ነው፤ ቫሪያብሉን ይዞ ነው። ቋንቋ አይቀይርም፣ ፓይተኑ ያው ፓይተን ነው። የሚቀየረው ብዕሯ ብቻ ነው።

አሁን ሰው ከቦሃል፣ ታያለህ? ክብ ሠርተዋል። ኃይለኛ ከሆንክ ከዚህ ክብ የሚያስወጣህን ፕሮግራም ጻፍ፤ እኔ ኤሊ ልሁን፣ አንተ እዘዘኝ። ምን አልክ? «ሦስት ወደፊት»? ይኸው፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስንዴ የጫነችው አህያ ላይ ተለጠፍኩልህ! ሳትዞር ወደፊት አልከኝ። ሰዉ ሳቀ፣ አህያዋም ሳቀች። አንተም ሳቅክ፤ አየሁህ! ማንም «ተሳስተሃል» አላለህም፤ ራስህ አየኸው። ከጠዋት ጀምሮ እየነገርኩህ የነበረው ይሄንን ነው። ስህተትህን በዓይንህ አይተህ በእጅህ ልታርመው ነው፤ የመጀመሪያውን ትምህርት ጨርሰሃል።

ና፣ ሁለተኛውን ጀምር። ከአህያዋ ፊት አዙረኝ፦ ግራ 90። ግራ አይግባህ ወዳጄ፤ አንተ ወደ ግራ ግባ!